አሥራ ሰባት ባቄላ

በርገን፣ ኖርዌይ
ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ሐቢብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበቱልኝ? አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ከዚህ ከመጣው በሽታም ይጠብቅልኝ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቤት ተዘግቼ ዝናብ እያየሁ እውላለሁ። የዚህ አገር ዝናብ ክረምትና በጋ አይለይም።

እማዬ በስልክ እንደነገረችኝ ከሐይቅ መውጫ፣ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ እርስዎም የገመዱ ጠባቂ ሆነዋል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሐሳብ መጣልኝና ከወንበሬ ተነሳሁ። ትምህርቴ፣ እንደሚያውቁት፣ በሽታ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚዛመት በቁጥር መከታተል ነው። አሁን ዓለም ሁሉ መንገድ ይዘጋል፤ መዝጋቱ በሽታውን ምን ያህል እንዳዘገየው በትክክል የለካ ግን ጥቂት ነው። እዚህ የሰውን እንቅስቃሴ የሚቆጥሩት በያዘው ስልክ ነው። በኛ በኩል በስልክ ብንቆጥር ግማሹ ሰው ይቀራል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ገመዱ ሥር ቆሞ የሚቆጥር ሰው ነው።

ደሴ በሽታው ገብቷል ይባላል፤ አምባሰል፣ እነ ውጫሌ ያሉበት፣ ገና ነው። በመሃል ያለው የእርስዎ ገመድ ነው። በየቀኑ ስንት ሰው አለፈ፣ ስንት ሰው ተመለሰ፤ ይኸው ነው የምጠይቅዎት። ሠላሳ ዓመት በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሚዛን ላይ ተቀምጠው ሩብ ኪሎ ያላዛነፉ ሰው ነዎት። ከእርስዎ የተሻለ ማን አለኝ? ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ እያነሱ በየሳምንቱ ይላኩልኝ። አልፎ አልፎ ደብዳቤም ይጨምሩበት፤ የእጅ ጽሑፍዎ ይናፍቀኛል።

እማዬን አደራ። ስኳሯ ያሳስበኛል፤ እሷ እንደሆነች ቢያማትም አትናገርም።

የእህትዎ ልጅ ሰሚሃ


ሐይቅ
ሚያዝያ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰሚሃ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ፤ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። እዚያ አገር ፀሐይዋ መግባት ትረሳለች ይላሉ። ታዲያ መቼ ልታፈጥሪ ነው? አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሻል።

ቆጠራውን ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩልሽ። ጣቴን ቀስሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል አንዲት ሴትዮ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ምነው ሐቢብ! ከብት መሰልንህ እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ሰውን ፊት ለፊት መቁጠር እኛ ዘንድ መቼ ይወደዳል? ዓይን ይጠራል። እና ዘዴ ፈለግኩ። ሁለት የቲማቲም ጣሳ አጠገቤ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ለሚያልፉ፣ አንዱ ለሚመለሱ። ኪሴ ሙሉ ባቄላ ነው። ሰው ባለፈ ቁጥር ዝም ብዬ አንዲት ባቄላ ጠብ አደርጋለሁ። ከመግሪብ በፊት ቆጥሬ እጽፍና ባቄላውን ለነገ ወደ ኪሴ እመልሳለሁ። ሰዉ የምበላው ይመስለዋል፤ «ሐቢብ ጾም ፈታ» ብለው አሙኝ አሉ።

ገመዱን በወዲያ በኩል የሚይዘው ከገዳሙ የመጣው መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ነው። እሱ ሙቀት ይለካል፣ እኔ ባቄላ እጥላለሁ። እሱ ሁዳዴውን ጨርሶ ፋሲካውን በልቷል፤ ግን እኔ ጾመኛ ነኝ ብሎ ፊቴ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ደግ ሰው ነው።

ደንቡ ለሚሄድም ለሚመጣም እንዲህ ነው። እህል የጫነ መኪና ከነሹፌሩ ያልፋል። በሽተኛ ከጤና ጣቢያ ወረቀት ከያዘ ያልፋል። ሌላው ይመለሳል። መቁጠሩስ አልከበደኝም፤ የከበደኝ እምቢ ማለት ነው። ሁሉም የማውቀው ሰው ነው፤ አንዱ ጎረቤቴ፣ አንዱ የቅሬያችን አባል፣ ለቀብር አብረን የምንወጣ። በዚህ ሳምንት ካለፉት ውስጥ ሦስቱ ወረቀት የላቸውም። አዝኜ ነው ያሳለፍኳቸው። ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው አይዋሽምና ይኸው ጻፍኩልሽ።

እናትሽ ራህማ ደህና ናት፤ ውጫሌ ቤቷ ተቀምጣለች። «ልጄ አንተን ሥራ አስያዘችህ አይደል» እያለች ታሾፍብኛለች።

አጎትሽ ሐቢብ


በርገን
ግንቦት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐቢብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒዱን እንዴት ዋሉ? አላህ ለከርሞው ሰው ሰብስበን የምንውልበት ያድርገው። እኔ ብቻዬን ሰግጄ ብቻዬን በላሁ።

ወረቀቶችዎ ሁሉ ደርሰውኛል። ፕሮፌሰሬ የጣሳውን ነገር ስነግረው ሳቀ፤ ቁጥሩን ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ። በመላው አካባቢ እንዲህ በየቀኑ የተያዘ ቁጥር ሌላ የለም።

አንድ ነገር ግን ልጨቅጭቅዎት፤ አይቀየሙኝ። እኔ የምለካው ያልሆነውን ነገር ነው። ገመዱ ባይኖር ኖሮ አምባሰል ውስጥ ስንት ሰው ይታመም ነበር? ይህን የማውቀው ገመድ ያለበትን መንገድ ከሌለበት ጋር እያስተያየሁ ነው። ገመዱ እውነተኛ ገመድ ካልሆነ ማስተያየቱ ከንቱ ይሆናል። ያለ ወረቀት ያለፉት ሦስት ሰዎች እርስዎ ዘንድ ሦስት ጎረቤቶች ናቸው፤ እኔ ዘንድ ግን ሦስት ቀዳዳ ናቸው። አንድ ሰው በሽታውን ይዞ ካለፈ የአንድ ወር ልፋታችን ገደል ገባ። ከልፋታችን በላይ ደግሞ እዚያ ያሉት ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ እማዬ ናት።

ስለዚህ አጎቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ደንቡ ደንብ ይሁን። ወረቀት የሌለው ማንም አይለፍ። እማዬ ራሷ ብትመጣ ይመልሷት። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ግን የምሬን ነው።

ሰሚሃ


ሐይቅ
ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሰሚሃ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ በያለንበት ይጠብቀን።

የሳምንቱን ቁጥር ልኬልሻለሁ። እንዳልሽኝ ጠበቅ ብያለሁ። ወረቀት የሌለው አላለፈም፣ አንድም። ቅዳሜ ሰኔ 6 ብቻ አሥራ ሰባት ሰው መለስን። ከዚህ በፊት በአንድ ቀን ይህን ያህል መልሰን አናውቅም። መሪጌታ ተቆጥቶኛል። «ገመዱ ለበሽታው ነው እንጂ ለሰው ነው እንዴ?» አለኝ።

የጻፍሽውን ደብዳቤ ለራህማ በስልክ አንብቤላት ነበር። እንደሰማችው እንድታውቂ ነው።

ዛሬ ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። የሐይቁ ነፋስ ወገቤን ይዞኛል።

አጎትሽ ሐቢብ


በርገን
ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐቢብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? አላህ ያሽርልኝ።

አጎቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት! ያቺን የሰኔ 6 ቀን አሥራ ሰባት በትልቁ ሥዬ ለስብሰባው አቀረብኳት። ቀይ ነጥብ ናት፣ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ያለች። «አንድ ማኅበረሰብ በራሱ ፈቃድ ራሱን ሲዘጋ ይህን ይመስላል» ብዬ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ኩራት ተሰማኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ወረቀት ደረሰኝ። ሰኔ 16፣ ያለፉ ዜሮ፣ የተመለሱ ዜሮ! እንዴት አድርገው ነው? ማሻአላህ ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ሪፖርቱ በዚህ ሳምንት ይወጣል፤ ማሰሪያው ይህ ዜሮ ነው።

እማዬን ሰኔ 11 ቀን ደውዬላት ነበር። ድምጿ ደከም ብሏል። «ሐቢብ እንዴት ነው?» ስላት ሳቀችና «ጎበዝ ዘበኛ ወጥቶታል» አለችኝ። ከሳምንት ወዲህ ግን ስልኳ ዝግ ነው። እርስዎም አያነሱም። ደብዳቤም አልጨመሩልኝም። ሰው ልከው ያስጠይቁልኝ፤ እባክዎ።

ሰሚሃ


ሐይቅ
ሐምሌ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሰሚሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሶብር ከሚሰጣቸው ባሮቹ ያድርግሽ።

የቆየሁት ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረ ነው። መልእክቶችሽ ሁሉ ዛሬ ባንድ ላይ ደረሱኝ። ሃያ ሦስት ናቸው።

የራህማ ስልክ እንደተዘጋ ነው። ስለ እሷ የጠየቅሽኝን ኦስሎ ያለችው የአገራችን ልጅ ሱረያ መጥታ ታጫውትሻለች፤ ከአገር ሰዎች ጋር ትመጣለች ኢንሻአላህ። ሽማግሌዎች የምትጦርበት ቤት በሽታው ገብቶ እሷንም ለይተው አስቀመጧት እንጂ እስካሁን ትደርስ ነበር።

ገመዱ ተነስቷል። ቆጠራው አብቅቷል። ብዙ አትሥሪ፤ እህል ቅመሺ።

ሐቢብ


በርገን
ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐቢብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዘንድሮ አረፋን የእማዬን ድምፅ ሳልሰማ ዋልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ቁጥሩ ልጻፍልዎት፤ እሱ ይቀለኛል። ውጫሌ በሽታው ገብቷል። እስከ ሰኔ መጨረሻ አንድም ሰው አልነበረም። በሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሆኑ፣ በሁለተኛው ሠላሳ አንድ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ወደ ኋላ መቁጠር ሥራዬ ነው። በሽታው ከያዘበት ቀን እስከሚታወቅበት ያለውን ጊዜ እየቀነስኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። አሥር ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት። አሥሩም ጊዜ የሚወስደኝ ወደ ሰኔ 16 ነው። ያን ቀን አካባቢ ብዙ ሰው፣ በጣም ብዙ ሰው፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሄዷል። የእርስዎ ወረቀት ግን ዜሮ ይላል።

መጠርጠር ነበረብኝ። እርስዎ ከቆጠሯቸው ቀኖች ሁሉ ዜሮ የወጣበት ሌላ ቀን የለም። የእህል መኪና እንኳ ሳያልፍ የዋለበት ቀን የለም። እኔ ግን ዜሮውን ስለወደድኩት አልጠየቅኩም። ሪፖርቱ ወጥቷል፤ ገመድ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል ብዬ በስሜ ፈርሜበታለሁ። ያን አምኖ መንገድ የሚዘጋ ወይም የሚከፍት ሰው ይኖራል።

አጎቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ሰው ከአገር ተነቅሎ እንዲያ የሚወጣው ለምን ነው? እኔ ወሎ ተወልጄ አይደል ያደግኩት? ሱረያስ ሰዎች ይዛ የምትመጣው ለምንድን ነው? ዛሬ በስልክ «ደህና ነሽ?» ብላኝ መልሴን ሳትሰማ ዘጋችው።

ሰኔ 16 ምን ሆነ? ሚዛን ላይ እንደተቀመጡ ሆነው ይንገሩኝ።

ሰሚሃ


ሐይቅ
ነሐሴ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለሰሚሃ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፎቶውን የምልክልሽ ሱረያ «ደጇ ደርሰናል» ስትለኝ ነው። በሩን ካልከፈትሽላቸው መጀመሪያ ክፈችላቸው። ከዚያ አብራችሁ አንብቡት።

እናትሽ ሞታለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ማክሰኞ ሰኔ 16 ማለዳ ውጫሌ ቤቷ ሞተች፤ ከዙህር በኋላ ቀበርናት። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ሰው ይዞሽ፣ ሰው አቅፎሽ እንድትሰሚ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። በደግ ዘመን አንድ ማለዳ ተሰብስበው ይነግሩሽ ነበር። ይህ ክፉ ዘመን ሃምሳ ሁለት ቀን አስዋሸኝ።

ዜሮዋ የእኔ ናት። ያን ቀን የሐይቅ ሰው ሞቷን ሲሰማ ነቅሎ ወጣ። የቅሬው ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ገመዱን ያነሳው መሪጌታ ነው፤ እኔ ቆሜ አየሁ። የሆነውን ብጽፍልሽ «ምን ሆናችሁ?» ትይኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስልሽ? ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ተቀምጬ እንዲያ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ይህ ትንሹ ጥፋቴ ነው። ትልቁን ልንገርሽ።

ቅዳሜ ሰኔ 6 ራህማ ከውጫሌ በእህል መኪና ገመዱ ድረስ መጣች። የምትወጋው የስኳር መድኃኒት ውጫሌ አልቆ ነበርና ወደ ደሴ ልትሄድ ነው። ጤና ጣቢያው ያን ቀን ዝግ ሆኖባት ወረቀቱን አልያዘችም። «ወረቀቴ አንተ ነህ፤ ወንድሜ አይደለህ?» አለችኝ። መሪጌታ «ልቀቃት ሐቢብ፣ ልቀቃት» አለ። ጧት የመለስኳቸው ሰዎች ቆመው ያዩኛል። ደብዳቤሽም ኪሴ ውስጥ ነው። እምቢ አልኳት። መድኃኒቱን እኔ በሹፌር አስመጣልሻለሁ፣ ተመለሽ አልኳት።

አልተቆጣችም። እሷ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወላሂ። ሳቀችና «ልጄ ናት ያዘዘችህ? እንግዲያ እሷን ሰው ፊት አላሳፍራትም» ብላ ዞረች። ሰኔ 11 ቀን ስትደውይላት ያልነገረችሽም ለዚሁ ነው። ያዘዝኩት ሹፌር ደሴ ላይ ስድስት ቀን ዘገየ። መድኃኒቱ ሲደርስ ራሷን ስታ ነበር። አልነቃችም።

ከአሥራ ሰባቱ አንዷ እናትሽ ነበረች።

ለመድኃኒት ስትመጣ ዘጋሁባት፤ ለቀብሯ የመጣውን ሁሉ አሳለፍኩ። ከዚያ ቀብር ደግሞ በሽታው ውጫሌ ገባ፤ ለእሷ ያለቀሱ አራት ሰዎች ሞተዋል። ይህን ሁሉ ይዤ ስግደቴ ላይ እቆማለሁ። ወዴት ልሂድ?

አንድ ነገር ግን አለ። ያን ቀን እጄ ልማዱ ሆኖበት ባቄላውን ጠብ ያደርግ ነበር። ጣሳው ሲሞላ በፎጣዬ ቋጠርኩት፤ የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ እኔም ወደ ቀብሩ ተከተልኩ። ትናንት ከመሪጌታ ጋር ተቀምጠን ቆጠርነው። አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው። እውነተኛው ቁጥር ይኸው። የዚያችን ቅዳሜ አሥራ ሰባትም ወደ ኪሴ ልመልሳቸው አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ በጣሳቸው ተቀምጠዋል። ምን ላድርጋቸው?

አፉ በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ቢሆንም አፉ በይኝ።

አጎትሽ ሐቢብ


በርገን
መስከረም 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐቢብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለእማዬ ጀነት ይስጥልን፤ ለእኛ ለቀረነው የምንችለውን ብቻ ያሸክመን።

ከአንድ ወር በላይ ዝም ስላልኩ ይቅርታ። ተቆጥቼ ነበር። መጀመሪያ በእርስዎ ተቆጣሁ፤ በሳምንቱ ያን የግንቦት ደብዳቤዬን አውጥቼ አነበብኩትና በእርስዎ መቆጣቱ ቀረ። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው ብያለሁ። ግን የምሬን ነው ብያለሁ። እጄ ነው የጻፈው። ሱረያ ሰባት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ ባትርቅ ኖሮ ምን እንደምሆን እንጃ።

እናቴን በቀይ ነጥብ ሥዬ ለሰው አሳየሁ። አጨበጨቡ፤ እኔም ደስ አለኝ። ስንት ሰው ተመለሰ ብዬ ጠየቅኩ እንጂ ማን ተመለሰ፣ ምን ፈልጎ መጥቶ ነበር ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ሪፖርቱን አስወርጃለሁ። በዜሮው ቦታ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት አስገባሁና ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁ። አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለማጽናናት አይደለም፣ ስለሆነ ነው። ገመዱ በሽታውን ከአምባሰል ሰባት ሳምንት አዘግይቶታል። በዚያ ሰባት ሳምንት የዳነ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቀውም፣ እሱም ራሱን አያውቅም። የሞቱትን ግን እኔና እርስዎ በስም እናውቃቸዋለን። እንደዚህ ያለ ልኬት ላይ መፈረም ከብዶኝ ነበር፤ ፈረምኩ።

አፉ ብዬዎታለሁ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩዎት።

ባቄላውን አይጣሉት። ይቀቅሉትና የእማዬ ሰደቃ ንፍሮ ያድርጉት። ለመሪጌታም ይስጡልኝ፤ ጾም ከሆነም ንፍሮ አይከለከልም። አሥራ ሰባቷን በወረቀት ላይ አልነካኋትም፤ አሥራ ሰባት ብላ ትቀመጣለች፤ የሆነው እሱ ነው። ከመቀቀልዎ በፊት ግን ከተመለሱት ጣሳ አንዷን ባቄላ ያንሱና ካለፉት ጋር ይጨምሩልኝ። ወረቀት አይጠይቋት።

ልጅዎ ሰሚሃ